የኮችን ደብተር ይዘን እስከ ሊር

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21 ቀን 2017፦ ከአዲስ አበባ ሀዋሳ

ታናሽ ወንድሜ ኳስ ተጫዋች ነው። ዕድሜው 19። አባታችን ካረፉ ወዲህ እንደ አባትም እንደ ወንድምም ሆኜ የያዝኩት እኔ ነኝ። ወኪሉ "ካይሮና ቤልጂየም ሙከራ አግኝቼለታለሁ" ብሎ ሲደውል እናታችን ቁርጡን ነገረችው። "ታላቁ አብሮ ካልሄደ ልጄ አይሄድም።" የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ፣ ከእቁብ የደረሰኝን ብር አወጣሁና ተነሳሁ። የወንድሜን ወጪ ኤጀንሲው ቻለ፣ የኔን ራሴ።

በቀጥታ ቦሌ የምንሄድ መስሎኝ ነበር። ወኪሉ ግን "መጀመሪያ ሀዋሳ" አለ። "ወረቀቱ ያለው እዛ ነው።"

እስከ ሞጆ ፈጣኑን መንገድ፣ ከሞጆ ባቱ ደግሞ አዲሱን ፈጣን መንገድ ይዘን ወረድን። እንደ ዳንስ አዳራሽ ወለል የለሰለሰ መንገድ ነው። ከባቱ በኋላ ግን የድሮው መንገድ ተቀበለን፤ ጉድጓዱ፣ ባጃጁ፣ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ የሚያመነዥከው በሬ። አርሲ ነጌሌ ስንደርስ ጎማ ተነፈሰብን። ጎሚስታው 200 ብር ተቀብሎ በ20 ደቂቃ ጨረሰልን፣ እኛም እስከዚያ በቆሎ ጥብስ በላን።

ጎማው እስኪሠራ ወኪሉን የማላውቀውን ሁሉ ጠየቅኩት። ፈቃዱን ያገኘው የፊፋን ፈተና አልፎ ነው። 20 ጥያቄ፣ አንድ ሰዓት፣ 75 በመቶ ካላመጣህ ወድቀሃል። ይሄ ፈተና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ነው። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በነበረው አሠራር፣ ፈተናም የፊፋ ፈቃድም አያስፈልግም ነበር። ደግሞ ፈቃዱ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለድርጅት አይደለም። ኤጀንሲው ብራስልስ ቢሮ ይኑረው፣ አሥር ሠራተኛ ይቅጠር፣ ተጫዋች ወክሎ የሚደራደረው ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነው። የወንድሜ ውል ከሱ ጋር ሁለት ዓመት ነው። ከዚያ በላይ አይፈቀድም፣ ራሱን በራሱ ማደስም የለም።

አስተውላችሁ ከሆነ ሰዉ እነዚህን ወኪሎች "ደላላ" ነው የሚላቸው። እኔም እል ነበር።

እሑድ፣ ሰኔ 22፦ አሞራ ገደል

ጠዋት እናቴ ቤት ጨጨብሳ በላንና ኮችን ለማግኘት ወደ ሐይቁ ወረድን። አሞራ ገደል እሑድ እሑድ ሰው አይጠፋውም። ዓሣ የሚያራግፉት ጀልባዎች፣ እግራችሁ ስር የሚንጎማለሉት አባ ኮዳዎች፣ የዘይቱ ሽታ። አንድ ዓሣ ጥብስ 350 ብር ሆኗል። በልጅነቴ በ15 ብር የበላሁትን ሳስበው ይገርመኛል፣ ግን ጣዕሙ ያው ነው።

ኮች ወንድሜን ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ያሠለጠኑት ሰው ናቸው። "ፕሮጀክት" የምንለው ነው፤ ሜዳው አቧራ፣ ኳሱ ሦስት፣ ልጁ 40። ደሞዝ የላቸውም። ቀን ያስተምራሉ፣ 10 ሰዓት ላይ ፊሽካ ይነፋሉ። ከጃኬታቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር አወጡ። ሽፋኑ ከተገነጠለ ቆይቷል። በየገጹ በማስመሪያ የተሠመረ ዓምድ አለ፤ ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ከዚያ ደግሞ የጫማ ቁጥር።

የጫማ ቁጥር ለምን እንደሆነ ጠየቅኩ። "ረጂ የተገኘ ቀን ቁጥር ፍለጋ አንሯሯጥም" አሉኝ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ልጆቹን አሰልፈው ይለካሉ። የወንድሜን መስመር በጣቴ ተከተልኩት። 2010፣ 36። 2011፣ 38። 2012፣ 39። 2013፣ 41። እኔ አብሬው አንድ ቤት እያደግሁ እግሩ መቼ እንዳደገ አላየሁም፣ እሳቸው ግን ጽፈውታል።

ወኪሉ እያንዳንዱን ገጽ በስልኩ ፎቶ አነሳ። ከዚያ ለኮች ቁጭ ብሎ አስረዳቸው። አንድ ተጫዋች ከ23 ዓመቱ በፊት የመጀመሪያ ፕሮፌሽናል ውሉን ውጭ አገር ሲፈርም ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ያሠለጠኑት ክለቦች የማሠልጠኛ ካሣ ይገባቸዋል። ወንድሜ ፕሮፌሽናል ውል ፈርሞ አያውቅም። ከፕሮጀክቱ ወጥቶ በአንድ ክለብ ተስፋ ቡድን በአማተርነት ነው የተጫወተው፤ ያ ክለብም ሲለቀው ካሣውን ትቶ ፈርሟል። የቀረው የኮች ድርሻ ነው። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ጊዜ የሚታሰበው በዝቅተኛው ደረጃ ነው። የአፍሪካ ክለብ ከወሰደው በዓመት 2 ሺህ ዶላር፣ የአውሮፓ ክለብ ከወሰደው በዓመት 10 ሺህ ዩሮ። አራት ዓመት ነው። ካይሮ 8 ሺህ ዶላር፣ ቤልጂየም 40 ሺህ ዩሮ።

ኮች ዓሣቸውን ትተው ዝም አሉ። ከዚያ "ለነዚያው አራት ዓመታት?" አሉ። "ለነዚያው።"

"ግን በደብተር አይሆንም" አለ ወኪሉ። ቡድኑ በፌዴሬሽን የታወቀ፣ ልጁም የተመዘገበ መሆን አለበት። ቴሴራ፣ ማለት የተጫዋችነት መታወቂያ ካርድ ያስፈልጋል። ኮች የከተማው ውድድር ላይ ስላስመዘገቧቸው የአራቱም ዓመት ቴሴራ አለ፤ ፎቶውና ማኅተሙ ደብዝዟል፣ ግን አለ። ስንት ሰፈር ስንት ኮች ያለ ቴሴራ እንደሚያሠለጥን አስቡት። ያሠለጠኑትን ልጅ ነገ ቴሌቪዥን ላይ ያዩታል፣ እነሱን ግን ማንም አይጠራቸውም፣ ምክንያቱም የትም አልተጻፉም።

ሰኞ፣ ሰኔ 23፦ ማኅተም

በአንድ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተቀመጥን። ማኅተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ያለው ሰው ስብሰባ ላይ ነበር። ስለሱ ብዙ አልልም። ደብዳቤው በመጨረሻ ወጣ፣ እኛም ማታውን አዲስ አበባ ገባን።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26፦ ካይሮ

ካይሮ ስንወርድ ሙቀቱ በር ላይ ነው የተቀበለን፣ እንጀራ ሲጋገር ምጣድ ላይ እንደማጎንበስ። ዶኪ አካባቢ ደህና ሆቴል ያዝን። ሜትሮው አሪፍ ነው፤ ጥቂት ፓውንድ ከፍለህ ከተማውን ታቋርጣለህ። ፓውንዱ በዚያ ሰሞን ወደ ሁለት ብር ከሰባ ሳንቲም ገደማ ነበር። ኮሸሪ በላን። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ምስር፣ ላዩ ላይ የተጠበሰ ሽንኩርትና ቲማቲም ስልስ። 60 ፓውንድ፣ ማለት 160 ብር አካባቢ። ጠግበን ተነሳን። አዲስ አበባ በ160 ብር ደህና ሽሮ እየጠፋ ነው።

ለምን ካይሮ ብዬ ወኪሉን ጠይቄው ነበር። መልሱ ቀላል ነው። የግብፅ ሊግ የእኛን ልጆች ያውቃቸዋል። ሳላዲን ሰይድ በዋዲ ደግላ ተጫውቶ ኋላ አል አህሊ ገብቷል፣ ሽመልስ በቀለ ፔትሮጀት ነበር። አንድ ሰው ጥሩ ከሠራ ከኋላው ላለው በር ይከፈታል። የኛን የታችኛውን ሊግ ጨዋታዎች ክለቦቹ በሚጠቀሙባቸው የቪዲዮ መድረኮች ላይ አታገኟቸውም። ስለዚህ ወኪሉ ራሱ ካሜራ ተሸክሞ ስምንት የወንድሜን ጨዋታዎች ቀርጿል። አንዱን ዛፍ ላይ ወጥቶ ነው የቀረጸው። የተመረጡ ቁራጮቹን ብቻ ሳይሆን ሁለት ሙሉ ጨዋታም ይልካል፣ "ጎሉን ብቻ ከላክህ ማንም አያምንህም" ይላል።

ልምምዱ ከመግሪብ በኋላ ነው፣ በቀን አይቻልም። ወንድሜ መጀመሪያ ላይ ኳስ እየነካ ይለቃል፣ ይደነግጣል። ከ20 ደቂቃ በኋላ በግራ መስመር አንድ ሰው አልፎ ሲያሻግር አሠልጣኙ ወደ ረዳቱ ዞሮ አንድ ነገር አለው። ወኪሉ ክርኔን ነካ አደረገኝ።

አርብ፣ ሰኔ 27፦ 1998

ይህን ቀን እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

የክለቡ ጸሐፊ በዋትስአፕ ወኪሉን ጠራው። ፓስፖርቱ ላይ የወንድሜ ልደት ጥር 2006 ይላል። የተተረጎመው የክለብ ደብዳቤ ላይ ግን 1998። ጸሐፊው "ይሄ ልጅ 27 ዓመቱ ነው፣ ዕድሜ ደብቃችኋል" ብሎ ልምምዱን አቆመው። ነገሩ ለኛ የሦስት ዓመት ሕፃንም የሚያውቀው ነው፤ ጥር 1998 ዓ.ም ማለት በእነሱ ጥር 2006 ነው። ተርጓሚው ቀኑን ሳይቀይር ቁጥሩን ብቻ ነው የገለበጠው። እኔም ወኪሉም አይተን አላየነውም። ዓይናችን 1998ን ለምዶታል።

ግብፅ አርብና ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ወንድሜ ሆቴል ተኝቶ ጣሪያ ሲያይ ዋለ። "ሌባ ነው ያሉኝ አይደል?" አለኝ። ምን ልበለው? ስንት ልጅ በርግጥም ዕድሜ ቀንሶ ስለሚመጣ ጥርጣሬው ከመሬት የበቀለ አይደለም፣ የኔ ወንድም ግን የጫማ ቁጥሩ ሳይቀር ተጽፎ የኖረ ልጅ ነው። ወኪሉ ያደረገው ይህንን ነበር። የኮችን ደብተር ፎቶዎች፣ የአራቱን ቴሴራዎች፣ የትምህርት ቤት ካርድ በአንድ ላይ አድርጎ፣ የኛ ዓመት ከነሱ ለምን በሰባትና በስምንት ዓመት እንደሚለይ በአንድ ገጽ ጽፎ ላከ። እሑድ ጠዋት ደግሞ የትርጉም ቢሮ ተከፍቶ አዲስ ትርጉም በሁለቱም አቆጣጠር ተሠራ። ጸሐፊው ይቅርታ ጠየቀና ሻይ አዘዘልን። ከአዝሙድ ጋር የሚመስል ነገር ያለበት ሻይ ነው፣ ወንድሜ ሦስት ብርጭቆ ጠጣ።

ሰኞ፣ ሰኔ 30፦ አለመፈረም

ክለቡ ውል አቀረበ። አምስት ዓመት፣ ደሞዝ በፓውንድ። እኔ ብሆን እዚያው እፈርም ነበር፣ ሁለት ቀን ሌባ ተብሎ ከቆየ በኋላ። ወኪሉ ወንድሜን አስቀምጦ አወራው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 አንድ ዶላር በአንድ ቀን ከ31 ፓውንድ ወደ 50 ገደማ ሄዷል። የኛንም ብር ያየነው ነው። አምስት ዓመት በፓውንድ መታሰር ማለት ምን እንደሆነ በወረቀት ጻፈለት፤ በመጨረሻም "ውሳኔው ያንተ ነው፣ እኔ የማውቀውን ነገርኩህ" አለው። ወንድሜ "ቤልጂየምን ልሞክር" አለ። ክለቡ ሳይቀየም "ሐሳብህን ከቀየርክ ደውል" ብሎ ሸኘን።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2፦ ብራስልስ፣ ሦስት ክፍል ቢሮ

ማክሰኞ ገባን። ከኤርፖርት ወደ ከተማው ባቡር ወደ 11 ዩሮ ነው፣ በኛ ከ1,700 ብር በላይ። ያረፍነው ስካርቤክ የእናቴ ጓደኛ እትዬ ቤት ነው። ሠላሳ ዓመት ቤልጂየም ኖረዋል። እንጀራቸው ከሆላንድ የበቀለ ጤፍ ነው፣ ትንሽ ጠቆር ይላል እንጂ ዓይኑ ልቅም ያለ ነው። የሆቴል ብር አስቀሩልን፣ ቡና ሦስቴ አፈሉልን፣ ወንድሜን "ቀጭን ነህ" ብለው በግድ አጎረሱት።

ኤጀንሲውን ሳየው የጠበቅኩት ሌላ ነበር። ሕንጻ መስሎኝ ነበር። ሦስት ክፍል ነው። አንዱ ውስጥ ቪዲዮ የሚቆርጥ ልጅ፣ አንዱ ውስጥ ግማሽ ቀን የምትመጣ ጠበቃ፣ አንዱ ውስጥ ኃላፊውና አንድ ትልቅ ነጭ ሰሌዳ። ሰሌዳው ላይ በየአገሩ የተጫዋቾች ስም፣ ከጎኑ የዝውውር መስኮቱ፣ ማለት ክለቦች ተጫዋች የሚያስመዘግቡበት ጊዜ፣ የሚዘጋበት ቀን። ቤልጂየም፣ ቆጵሮስ፣ ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ባሕረ ሰላጤው። የስዊድንና የኖርዌይ ሊጎች ውድድራቸው ከፀደይ እስከ መኸር ስለሆነ ሌላው ሲያርፍ እነሱ ይጫወታሉ፤ ቤልጂየም ያልሆነለት ልጅ እዚያ ሊሞከር ይችላል። አንዱ አገር በሩን ሲዘጋ ሌላው ይከፍታል። ሥራው ማለት ይሄን ሰዓት ማወቅ ነው።

ገቢው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አልደበቁም። ከወንድሜ ጋር ያለን ውል የዓመት ደሞዙን 5 በመቶ ነው የሚለው። የፊፋ ደንብም እስከ 200 ሺህ ዶላር 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው 3 በመቶ የሚል ጣሪያ አስቀምጦ ነበር፤ የጀርመን ፍርድ ቤት ካገደው በኋላ ግን ፊፋ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 መጨረሻ ጣሪያውን በዓለም ሁሉ ለጊዜው አቆመው። እስቲ አስሉት። ደሞዙ 50 ሺህ ዩሮ ቢሆን 5 በመቶ 2,500 ዩሮ ነው። ለካይሮ ትኬት፣ ለቪዛ፣ ለቀረጻ ያወጡትን ብትቀንሱ ምንም አይተርፍም። የሚኖሩት በቀጣዩ ዝውውር ነው፤ ከአሥር ልጅ አንዱ ሁለት ደረጃ ከፍ ሲል። ስለዚህ ልጁ ቶሎ እንዲሸጥ የሚገፋ ኤጀንት የሚፈጠረው ከዚህ ሒሳብ ነው። ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም።

ኃላፊው በዕድሜ የገፉ ቤልጂየማዊ ናቸው። ቤቨረን የሚባለው ክለብ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሙሉ ቡድኑን ከአይቮሪኮስት አካዳሚ ባመጣቸው ልጆች ሲሞላ ስታዲየም ገብተው አይተዋል። ያያ ቱሬ፣ ኢቡዌ፣ ዠርቪንሆ በዚያ አልፈዋል። "ያኔ ስማቸውን ያወቅናቸውን ነው የምናስታውሰው" አሉኝ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3፦ ሊር

ሙከራው በአንትወርፕ ክፍለ ሀገር በሚገኝ አንድ ትንሽ ክለብ ነው፣ ስሙን አልጽፍም። ጠዋት ልምምዱን አይተን ከሰዓት ነፃ ስለነበርን ወንድሜ አንድ ነገር ለመነ። ሊርን ማየት። ሳላዲን የተጫወተበትን።

ከአንትወርፕ ባቡሩ ሩብ ሰዓት ምናምን ነው፣ 4 ዩሮ ገደማ። ሊር ቀልጠፍ ያለች ከተማ ናት። መሀሏ ላይ ዚመር የሚባል ግንብ አለ፣ ብዙ ሰዓቶች የተሰቀሉበት፤ ጨረቃን፣ ወራትን፣ የባሕርን መሙላትና መጉደል ሁሉ ይቆጥራል። ወንድሜ ለረጅም ጊዜ ቀና ብሎ አየውና "የኛንም አቆጣጠር ቢጨምሩበት" አለ። ከካይሮ በኋላ ስለሆነ አቀፍኩት።

ስታዲየሙ ዝግ ነበር። በአጥሩ ቀዳዳ ሣሩን አየን። የከተማዋ ክለብ የሊርስ ባለቤት የነበሩት ግብፃዊ የዋዲ ደግላም ባለቤት ነበሩ፣ ሳላዲን ከካይሮ እዚህ የመጣው በዚያ መንገድ ነው። ሁለት ክለብ በአንድ እጅ ሲሆን ልጁ ከአገር አገር ይሻገራል፣ ወረቀቱ ግን ከአንድ ጠረጴዛ አይነሳም። ያ ክለብ እ.ኤ.አ. በ2018 ከስሮ ፈረሰ፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቡድን ነው የተተካው። ከዳቦ ቤት የአገሩን ቭላይከ ገዛን፣ ቅመም ያለበት ትንሽ ጣፋጭ ኬክ ነው፤ ድፎ ዳቦ ላይ ማር ቀብተህ ቀረፋ እንደነሰነስክበት። ለእናቴና ለኮች አንዳንድ ሳጥን ያዝኩ።

አርብ፣ ሐምሌ 4፦ ስልኩ

በነሱ ጁላይ 11 ነው፣ አንትወርፕ ያለችበት ክልል የፍላንደርስ በዓል። የክልሉ መንግሥት ቢሮ ሁሉ ዝግ። ስለ ሥራ ፈቃድ ልንጠይቅ የያዝነው ቀጠሮ ቀረ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ላለ ተጫዋች ቤልጂየም ዝቅተኛ ደሞዝ ደንግጋለች፣ ለአዋቂ በዓመት ከ80 ሺህ ዩሮ በላይ፣ ከ18 እስከ 20 ዓመት ላለ ደግሞ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የወንድሜ ዕድሜ እዚህ ገንዘብ ነው። ያቺ የ1998 ስህተት እዚህ ብትመጣ ኖሮ ሁሉም ነገር ያበቃ ነበር።

ከሰዓት የክለቡ ስፖርት ዳይሬክተር ደወለ። ልጁን ወደውታል። ግን የማሠልጠኛ ካሣው 40 ሺህ ዩሮ ከብዷቸዋል። የሚፈልጉት አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፤ የሀዋሳው ፕሮጀክት ካሣውን ትቻለሁ ብሎ የሚፈርምበት። ጽሑፉን አዘጋጅተው ልከዋል። ክፍተቱ ለፊርማ ብቻ ነው።

እውነቱን ልናገር። እኔ ኮች እንዲፈርሙ ፈለግሁ። ያን ሰዓት ደብተሩም፣ የጫማ ቁጥሩም ከልቤ ወጥቶ ነበር። "ደውልና ፈርሙ በላቸው፣ ኮች እምቢ አይሉም" አልኩት ለወኪሉ። እምቢ እንደማይሉ አውቅ ነበር። ችግሩም እሱ ነበር።

ወኪሉ እትዬ ሳሎን ተቀምጦ ስልኩን ድምጽ ማጉያ ላይ አደረገ። የመጀመሪያው ቃሉ ይህ ነበር። "ኮች፣ እኔ የእርስዎ ወኪል አይደለሁም። የልጁ ነኝ። ልጁ ቢፈርም እኔም ገንዘብ አገኛለሁ። ስለዚህ የምነግርዎትን ይስሙኝ፣ ከመወሰንዎ በፊት ግን ሌላ ሰው ያማክሩ።" ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው፤ 40 ሺሁን፣ ደብዳቤውን፣ ክለቡ ሊተወው እንደሚችል፣ ላይተወውም እንደሚችል።

ኮች ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከኋላቸው የልጆች ጩኸትና የኳስ ድምጽ ይሰማል። 10 ሰዓት አልፏል ማለት ነው።

"ካልፈረምኩ ይቀርበታል?"

"አላውቅም ኮች። ሊቀር ይችላል።"

"ልጁ አለ?"

ወንድሜ ወደ ስልኩ ተጠጋ። "አለሁ ኮች።" ከዚያ ማናችንም ያልነገርነውን ተናገረ። "እንዳይተዉት። እኔ ካይሮም አለልኝ።"

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ።

ኮች "ሙሉውን አልተውም፣ ሙሉውንም አልጠይቅም" አሉ። "የሜዳው አጥርና ኳስ ይውጣልኝ።" ወኪሉ አጥሩ ስንት እንደሚፈጅ ጠየቃቸው። ማታውን ከትምህርት ቤታቸው የሒሳብ መምህር ጋር ሠርተው ላኩት። በዩሮ ሲቀየር 12 ሺህ ገደማ መጣ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5፦ የወዳጅነት ጨዋታ

ከአንድ የገጠር ቡድን ጋር ተጫወቱ። ዝናብ ነበር። ፍሪት በ4 ዩሮ ተኩል ገዝቼ በወረቀት እንደያዝኩ በላሁ፣ ድንች ጥብስ ነው፣ ግን ሁለቴ ይጠበሳል፤ ጫፉ ኩርሽም ይላል። ወንድሜ ሁለተኛውን አጋማሽ ሙሉ ተሰለፈ። ጎል አላገባም፣ ግን ለአንዱ አመቻችቶ ሰጠ።

ከጨዋታው በኋላ ዳይሬክተሩ 12 ሺሁን በሁለት ክፍያ ለመክፈል ተስማማ። የሁለት ዓመት ውል፣ አንድ ዓመት የማራዘም አማራጭ። አማራጩ ላይ ወኪሉና ጠበቃዋ አንድ ሰዓት ተከራከሩ፤ ደሞዙ ሳይጨምር ማራዘም አይቻልም አሉ፣ ተስተካከለ። ፊርማው የሚጸናው የሥራ ፈቃዱ ሲወጣ ነው። ፈቃዱ ደግሞ አገር ቤት ሆኖ ነው የሚጠበቀው። ስለዚህ እሑድ ሁለታችንም ተመለስን።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12፦ ሀዋሳ እንደገና

ቭላይከው በመንገድ ትንሽ ተፈረካከሰ። ኮች አንዱን ቀምሰው ቀሪውን ለልጆቹ አከፋፈሉት፣ ለእያንዳንዱ ሩብ ሩብ ደረሰው።

ገንዘቡ ገና አልመጣም። እንዲህ ያለ ካሣ የሚከፈለው ፓሪስ ባለው የፊፋ ክሊሪንግ ሃውስ፣ ማለት ክፍያውን አጣርቶ በሚያስተላልፈው ድርጅት በኩል ነው፣ በኮች የግል አካውንት አይገባም። ፕሮጀክቱ በስሙ የባንክ ሒሳብ መክፈት አለበት፣ ለዚያም ቃለ ጉባኤ፣ ለቃለ ጉባኤው ማኅተም ያስፈልጋል። ያንኑ መሳቢያ ያንኑ ቁልፍ። ኮች ሰኞ ሊሄዱ ነው፣ እኔም አብሬ ልሄድ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።

ሜዳው ዳር ልጆቹ ተሰልፈው ነበር። እያንዳንዱ የልደት ወረቀቱን ይዟል። ኮች አዲስ ደብተር ገዝተዋል፣ ሽፋኑ ገና አልታጠፈም። ወንድሜ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጦ የልጆቹን እግር በሜትር ይለካል፣ ቁጥሩን ይጠራል። ኮች ይጽፋሉ፤ ስም፣ የእናት ስም፣ የጫማ ቁጥር፣ የትውልድ ቀን። ከትውልድ ቀኑ ጎን አንድ አዲስ ዓምድ አስምረዋል።

"2006 ጥቅምት" ይላል ልጁ።

"በነሱስ?" ይላሉ ኮች። ወንድሜ ያሰላና ይነግራቸዋል።